አራት ልጆች በአንድ ስልክ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከደሴ ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የላኪዋ ነው።

«ሰላም እትዬ። የምኖረው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። 19 ዓመቴ ነው። አርሚ ነኝ፤ የኮሪያው የዘፈን ቡድን የቢቲኤስ አድናቂ ማለቴ ነው። ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ሰባቱንም እንደ ነፍሴ እወዳቸዋለሁ። በአማርኛ የምንጽፍበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። እኔ አድሚን ነበርኩ። የሚናገሩትን ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩ እለጥፋለሁ። ባለፈው ወር አያቴ ታመው ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ሳስታምም ከረምኩ። ስትሪም አላደረግኩም፣ ማለትም ቁጥሩ እንዲጨምር ዘፈናቸውን በኢንተርኔት ደጋግሜ አላጫወትኩም፤ ቮት አልሰጠሁም። ስመለስ ከአድሚንነት አንስተውኛል። አንዷማ ‹የምር አርሚ ብትሆኚ ከሆስፒታልም ታደርጊው ነበር› አለችኝ። ሌሊት 8 ሰዓት በአላርም እየተነሳሁ፣ የሌሊት ጥቅል እየገዛሁ፣ አሜሪካ ያለሁ ለመምሰል ቪፒኤን እየከፈትኩ ቁጥር ስጨምርላቸው የከረምኩ ልጅ ነኝ። ግን ጥፋቱ የኔ መሰለኝ፤ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

ሌላም አለ። አልበም ከኮሪያ በጋራ እናስመጣ ተባለ። እዚህ ደሴ ካሉ አምስት ልጆች 3,000 3,000 ብር ሰበሰብኩ፤ የራሴን ጨምሬ 18,000 ብር አዲስ አበባ ላለች አስተባባሪ ላክሁ። አምስት ወር ሆነው። መልእክቴን ታየዋለች፣ አትመልስም። ልጆቹ አፍ አውጥተው አልጠየቁኝም፣ ግን ሲያዩኝ ፊታቸው ይለዋወጣል። ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷ ድሮም ‹ለማያውቅሽ ሰው ታለቅሻለሽ፤ ኮሪያ ምንሽ ነው?› ትለኛለች። ጎረቤትም ‹የወሎ ልጅ ሆነሽ የራስሽን ዘፈን ጥለሽ› ይለኛል።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረ ጊዜ አራት ልጆች በአንድ ስልክ ነበር የምናየው። ያወረድነውን ስልኩን ረከቦት ላይ አስደግፈን እናያለን። ባትሪ እንዳይጨርስ አንዱን ዘፈን ሁለቴ ብቻ። ከዚያ ስልኩን አጥፍተን እኛው እየዘፈንን ግቢ ውስጥ እንደንሳለን። አሁን ግን ደክሞኛል። ልተወው ይሆን? — ከጦሳ ሥር»

አብሽሪ፣ የኔ ልጅ።

አያትሽ እንዴት ሆኑ? ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ ይህ ነው። ስትጽፊልኝ ንገሪኝ። ሆስፒታል ወለል ላይ ነጠላ አንጥፋ ስታስታምም ያደረች ልጅ ማንንም ይቅርታ አትጠይቅም። «ጥፋቱ የኔ መሰለኝ» ያልሽውን እኔ አልቀበልሽም።

እስቲ አንድ ነገር አስቢ። የቡድኑ ልጆች የሀገራቸውን የውትድርና ግዴታ ለመወጣት ተራ በተራ ሄደዋል። የመጀመሪያው የገባው በ2015 ታኅሣሥ ነው። የመጨረሻው የወጣው በ2017 ሰኔ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል። ይህን ሁሉ ጊዜ አርሚ ጠበቀ። ማንም «የምር ዘፋኝ ብትሆኑ ከካምፕም ትዘፍኑ ነበር» አላላቸውም። ያን ያህል መጠበቅ የቻለ ሰው አያቷን የምታስታምም ልጅ ሁለት ሳምንት መጠበቅ እንዴት አቃተው? ግሩፑን የሚመሩት ልጆች ምናልባት እንዳንቺው የደከሙ ልጆች ናቸው። ቢሆንም የተናገሩሽ ቃል ልክ አይደለም፤ ልክ አይደለም ብዬ ልጽፍልሽ እወዳለሁ።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ አትተይው። ግን ምኑን እንደምትተዪና ምኑን እንደምትይዢ እንነጋገር። እኔ ይህን ስልሽ ሳላውቀው አይደለም።

በኔ ልጅነት ደሴ የኪነት ከተማ ነበረች። ላሊበላ ኪነት የሚባለው የወሎ ቡድን፣ ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት የወጣችበት ማለት ነው፣ ለእኛ ለልጆቹ ሌላ ዓለም ነበር። የአክስቴ ቴፕ ነበረች። ድንጋይዋ ሲደክም ድምፁ እየጎተተ ይሄዳል። ያኔ ባትሪዎቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እንዘረጋቸዋለን፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፍስ ይዘሩልናል። ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ እናጠነጥናለን፣ ድንጋይ እንዳይበላ። ከጓደኛዬ ጋር ግጥሙን ደብተር ላይ እንገለብጥ ነበር። አንድ ስንኝ፣ ማቆም። መመለስ። እንደገና መስማት። አንዲት ቃል ላይ ተጣልተን ቴፑን አሥር ጊዜ እንመልሳለን።

በኋላ ጓደኛዬን አጎቷ አዳራሽ ይዟት ሄደ። ቡድኑን ከፊት ወንበር አየችው። በማግስቱ ትምህርት ቤት «አንቺ በካሴት ብቻ ነው የምታውቂያቸው» አለችኝ። ያቺን ቃል ዛሬም እሰማታለሁ። ዓመቱን ሙሉ አላነጋገርኳትም። ደብተሩን ለሁለት ቀደድነው፤ እሷ ግማሹን፣ እኔ ግማሹን። በሚቀጥለው ዓመት ቤተሰቧ ከደሴ ሄደ። ዘፈኖቹን ዛሬም ሬዲዮ ላይ አገኛቸዋለሁ። እሷን ግን አላገኘኋትም። የቀረኝ ግማሽ ደብተር ውስጥ የእሷ ጽሑፍ አለ፤ «ለ»ን እግሯን አስረዝማ ነበር የምትጽፈው።

ስለዚህ «ማን ይበልጥ ይወዳል» የሚለው ውድድር በቴሌግራም የመጣ አይደለም። ያኔም ነበር። ልዩነቱ ዛሬ ቁጥር ይዞ መምጣቱ ነው። ቁጥር ደግሞ አይጠግብም።

እንቅልፍሽን እንይ። ኮሪያ ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ሴኡል እኩለ ሌሊት ሲሆን ደሴ ገና ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ ከብት ወደ ቤት የሚገባበት። አልበም ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው በእነሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። ያ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ሻይ እየጠጣሽ ትሰሚዋለሽ። ልጆቹን ለመስማት ከሆነ ሌሊት 8 ሰዓት የሚያስነሳሽ አንድም ነገር የለም። የሚያስነሳሽ ቆጠራው ነው። ቆጠራው ደግሞ እንዲህ ነው። ስሙን የምትሰሚው ቢልቦርድ ሆት 100 የሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ የሚቆጥረው አሜሪካ ውስጥ የተደመጠውንና የተሸጠውን ብቻ ነው። የደሴ ስልክ እዚያ ቦታ የለውም። ቪፒኤን ክፈቺ ያሉሽ ለዚህ ነው። ዩቲዩብ በበኩሉ ማሽን የመሰለውን፣ ለቁጥር ብቻ የሚደጋገመውን እይታ እየለየ ይጥላል። እና የኔ ልጅ፣ ያለሽበትን ሀገር ደብቀሽ፣ የሌሊት ጥቅል ከፍለሽ፣ ዓይንሽ ደም ለብሶ የሰጠሻቸው ነገር ወይ አልተቆጠረም፣ ቢቆጠርም ያንቺ ስም የለበትም። ሆድሽ እንደሚብስ አውቃለሁ። ግን ይህን ማወቅሽ ዛሬ ማታ ያስተኛሻል ብዬ ነው የምነግርሽ። አላርሙን አጥፊው።

አሁን ወደ ረከቦቱ እንመለስ። ያቺን የደብዳቤሽን ክፍል ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ከ2015 ነሐሴ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አጥቷል። እናንተ አራታችሁ ግን አንድ ስልክ ረከቦት ላይ አስደግፋችሁ፣ ሁለቴ አይታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ እራሳችሁ ዘፈናችሁ። ማንም አልቆጠራችሁም። እኛ ወሎ ዘፈንን የምናውቀው እንዲህ ነው። ሰርግ ቤት አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባይ ከሌለ አውጪው ብቻውን ይቀራል። ተቀባይ ጥሩ ነው የሚባለው ስንት ጊዜ አጨበጨበ ተብሎ አይደለም፤ ዜማው ሲደርስለት በልቡ ስለተቀበለ ነው። ያኔ ግቢ ውስጥ የነበራችሁት አራት ልጆች ተቀባዮች ነበራችሁ። ሦስቱ ዛሬ የት ናቸው? ገንዘብ ከሰጡሽ አምስቱ መካከል እንዳሉበት ጠረጠርኩ። ከሆኑ፣ የጠፋሽ ግሩፕ ሰኞ ገበያ ነው ያለው።

ወደ ገንዘቡ ከመሄዴ በፊት ስለ ትርጉምሽ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ነው ሥራሽ ያለው። የኮሪያ ልጆች ታላቃቸውን በስሙ ብቻ አይጠሩም። ታናሽ ወንድ ታላቁን «ህዮንግ» ይለዋል። የቡድኑ ታናሽ ጃንግኩክ ለታላቁ ለጂን እንዲያ ነው የሚለው። እንግሊዝኛው ይህን ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ ያስቀራል፤ አንቺም ከእንግሊዝኛው ስለምትመልሽው ታናሹ ታላቁን እንደ እኩያው የሚጠራ ይመስላል። እኛ ግን «ጋሼ» አለን። «አንቱ» አለን። ኮሪያዎችም እንደ እኛ ለትልቅ ሰው ሲናገሩ ግሡን ይለውጣሉ፤ ግሣቸውም እንደ እኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛ የጣለውን አክብሮት አማርኛ መልሶ ሊያነሳው ይችላል። ይህን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ጥቂት የኮሪያ ፊደል ብትማሪ፣ እሱም ሃንጉል ይባላል፣ በጥቂት ቀን ማንበብ ትጀምሪያለሽ፤ 24 መሠረታዊ ፊደል ነው፣ የእኛን ሁለት መቶ ያጠናች ልጅ አይከብዳትም። አድሚን መሆን ለትርጉም አያስፈልግም። የራስሽን ትንሽ ቻናል ክፈቺ። 12 ሰው ቢያነበው ይበቃል።

አሁን ገንዘቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር እላለሁ፤ ስለምወድሽ ነው።

15,000 ብሩ የአምስት ልጆች ነው። የሰጡት ለአዲስ አበባዋ ሴት አይደለም፤ እሷን አያውቋትም። የሰጡት ለአንቺ ነው። ስለዚህ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ ብትታለዪም። አምስት ወር ዝም ማለትሽ ከብሩ ይልቅ ጎድቶሻል። ልጆቹ ፊታቸው የሚለዋወጠው 3,000 ብር ስለጠፋባቸው ብቻ አይመስለኝም። ምን እንደሆነ ስላልነገርሻቸው ነው። ሰው ዝምታን በራሱ ግምት ይሞላዋል።

ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ፣ ከአስተባባሪዋ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሾት አንሺ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የሁለታችሁንም መልእክት ሊያጠፋ ይችላል። ነገ ብትከፍቺው ባዶ ሊሆን ይችላል። የላክሽበትን ደረሰኝ፣ ባንክም ይሁን ቴሌብር፣ ቀኑና የተቀባይዋ ስም እንዲታይ አድርገሽ ለብቻ አስቀምጪ። ከዚያ አንድ መልእክት ጻፊላት። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር ልኬልሻለሁ፤ የትእዛዙን ቁጥርና የጭነቱን መከታተያ ቁጥር ላኪልኝ፤ ከሌለ ገንዘቡን እስከዚህ ቀን መልሺ። አንድ ሳምንት ስጫት። ሌባ ናት ብለሽ ግሩፕ ላይ አትለጥፊ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል፤ ሰውም ተቸግሮ አፍሮ ይደበቃል፣ ልክ አንቺ ከአምስቱ ልጆች እንደተደበቅሽው። ሳምንቱ ካለፈ ግን ማስረጃሽን ይዘሽ ፖሊስ ዘንድ ሂጂ። ሌሎችም የከፈሉ ካሉ ፈልጊያቸው፤ አብሮ ማመልከት ይበረታል።

ብቻሽን ግን አትሂጂ። ከእናትሽ ጋር ሂጂ። ስለዚህ ከልጆቹም በፊት ለእሳቸው ነው የምትነግሪው።

ይህ እንደሚያስፈራሽ ይገባኛል። «ኮሪያ ምንሽ ነው?» የሚሉ እናት ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ በልብሽ ደጋግመሽ ሰምተሽዋል። ቡና አፍይላቸው። አቦሉ ይጠጣ፣ ቶናው ይጠጣ። በረካው ላይ ተናገሪ። «እማዬ፣ የሰው ገንዘብ እጄ ላይ ጠፍቶብኛል» ብለሽ ጀምሪ። ስለ አልበም አትጀምሪ፣ ስለ ቡድኑም አትጀምሪ። ብሩን፣ የልጆቹን ስም፣ የላክሽበትን ቀን ተናገሪ። ደረሰኙን አሳዪያቸው። ይቆጣሉ። ይቆጡ። ቁጣው ሲበርድ የልጆቹን እናቶች የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ እንዴት እንደሚነገራቸው የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው። አንቺ አምስት ወር የተሸከምሽውን እሳቸው በአንድ ከሰዓት ያቀልሉልሻል ብዬ አምናለሁ።

ለአምስቱ ልጆች ደግሞ አንድ ላይ ንገሪያቸው። አንድ በአንድ ከሆነ ወሬው ይለያያል። ስክሪንሾቱን ለሁሉም አሳዪ። ገንዘቡ ካልተመለሰ በየወሩ ምን ያህል ልትከፍዪ እንደምትችይ የምትችይውን ብቻ ተናገሪ። 500 ብር ለአንዷ በወር ከሆነ፣ 500 በይ። እየጻፍሽ ስጪ፣ እያስፈረምሽ። ምናልባት «ተይው» ይሉሽ ይሆናል። ያኔም ቢሆን አንቺ መናገርሽ አይቀርም።

«ለማያውቅሽ ሰው» ለሚለው የእናትሽ ቃል አንድ ልጨምር። እውነታቸውን ነው። ሰባቱ ልጆች አያውቁሽም። አንቺም ይህን ታውቂያለሽ፤ አትሽሺው። ግን የማያውቅ ሰው የዘፈነው ያጽናናል። አያትሽ ሲታመሙ ማታ ማታ በጆሮሽ የሰማሽው የእነሱን ዘፈን ከሆነ፣ ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ማንን እየሰሙ እንዳለቀሱ ጠይቂያቸው። «ኮሪያ ምንሽ ነው?» ሲሉሽ ደግሞ ከ1943 ጀምሮ ከ6 ሺህ የሚበልጡ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ እንደዘመቱ፣ ከመቶ የሚበልጡት እዚያ እንደወደቁ፣ ቹንቾን በምትባል ከተማ ዛሬም መታሰቢያ እንዳላቸው ንገሪያቸው። የሚያውቁት ዘማች ሊኖር ይችላል። ያኔ ወሬው ካንቺ አልፎ ወደ እሳቸው ይሄዳል።

ለጎረቤት ብዙ አልጽፍም። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ሁለቱ የሚጠሩት በእኛው በወሎ ቦታዎች ነው። ሌላ ዘፈን መውደድሽ ባቲን ካርታ ላይ አያጠፋውም። ደግሞ የኮሪያ ሀገረሰብ ዜማዎችን ፈልገሽ ስሚ፤ ብዙዎቹ እንደ እኛ በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ናቸው። እኔ ስሰማቸው አንዳንዱ ትዝታ ይመስለኛል። አንቺ ጆሮሽ ከኔ የተሻለ ነው፤ ካገኘሽ ጻፊው።

ወደ ግሩፑ መመለስ ከፈለግሽ እንደ አንባቢ ተመለሺ። ማዕረጉን አትጠይቂ። ያቺ «ከሆስፒታልም ታደርጊው ነበር» ያለችሽን ልጅ አትዝለፊ፤ ግን ለብቻዋ አንድ ጊዜ «አያቴን እያስታመምኩ ነበር፣ ያልሽኝ አሳዝኖኛል» በያት። የኔ ጓደኛ ያን ቀን ትምህርት ቤት ስትናገረኝ እኔ ዝም ብዬ ነው የሄድኩት። ብናገራት ኖሮ ደብተሩ ላይቀደድ ይችል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ጥሪያቸው። መጀመሪያ የብሩን ነገር ተነጋገሩ፤ ሙሉውን። ከዚያ ከቻላችሁ ስልኩን ረከቦት ላይ አስደግፉት።

የሳምንቱ ቀን ሲደርስ ጻፊልኝ። ብሩ ከመጣ ጻፊልኝ፣ ካልመጣም ጻፊልኝ። አያትሽንም ሰላም በይልኝ።

እትዬ